«ቱ» አንቱ አይደለም፦ በስፓኒሽ ሰው ሰላም ማለትና መጥራት

ስፓኒሽ የለመድኩት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ሳይሆን ቨርጂኒያ አንድ ምግብ ቤት ኪችን ውስጥ ሳህን ሳጥብ ነው። በዋሺንግተንና አካባቢዋ የሠራ ሐበሻ ያውቀዋል፤ ኪችን ውስጥ ከጎናችሁ የሚቆመው ሰው ብዙ ጊዜ ከኤል ሳልቫዶር የመጣ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት መሰለኝ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ምግብ አብሳይ ሽንኩርት እየከተፉ «ኮሞ ኤስታ?» አሉኝ። «እንዴት ነዎት?» ማለታቸው ነው፤ ልጃቸው ብሆንም በአክብሮት ነበር የጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ወጣቶቹ እርስ በርስ ሲባባሉ የሰማሁትን ይዤ «ብዬን፣ ኢ ቦስ?» («ደህና፣ አንቺስ?») ብዬ መለስኩ። ቢላዋው ቆመ። አንዱ ልጅ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ወደ ፍሪጁ አዞረ። ሴትዮዋ ግን አልተቆጡም። «ኡስቴድ፣ ሚኾ፣ ኡስቴድ» አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። «አንቱ ነው የሚባለው፣ ልጄ» መሆኑ ነው።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልጅ ሆኜ የጎረቤት እናት «አንቺ» ብል ቤት ስገባ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቅ ነበርና። እንግሊዝኛ ሁሉንም ሰው በአንድ ቃል ስለሚጠራ፣ በእንግሊዝኛ በኩል ስፓኒሽ የሚማር ሰው ይህንን ልዩነት ለመልመድ ወራት ይፈጅበታል። እኛ ግን ግማሹን መንገድ ቤታችን ጨርሰን ነው የምንመጣው። የሚቀረን መስመሩ የት እንደሚሰመር ማወቅ ነው፤ ማን አንተ፣ ማን አንቱ እንደሚባል የእነሱ ልማድ ከእኛ ይለያል፣ ከአገር አገርም ይለያያል። ስፓኒሽ መንግሥታዊ ቋንቋ የሆነባቸው አገሮች ደግሞ 20 ናቸው፤ አንዷ፣ ኢኳቶሪያል ጊኒ፣ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ናት።

ስለ አነባበቡ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቃላቱን በፊደላችን ስጽፍ «ኽ» ያለበትን ከጉሮሮ አውጡት። ካስቸገራችሁ እንደ «ህ» በሉት፤ በካሪቢያንና በመካከለኛው አሜሪካ እነሱም እንደዚያው ነው የሚሉት።

1. ተውላጠ ስሞቹን በአማርኛ ሚዛን አስቀምጡ

«ቱ» ማለት አንተም አንቺም ነው። እዚህ ላይ ስፓኒሽ ወንድና ሴት አይለይም። ጾታው ብቅ የሚለው ሌላ ቦታ ነው፤ ከሰው ጋር ሲተዋወቁ «ደስ ብሎኛል» ለማለት ወንድ «ኤንካንታዶ»፣ ሴት «ኤንካንታዳ» ትላለች። የሚወስነው የተናጋሪው ጾታ ነው፣ የሰሚው አይደለም። ይቺን ብዙ ሰው ይስታታል።

«ኡስቴድ» እርስዎ ነው። እዚህ ጋ ጆሯችን ወጥመድ ውስጥ ይገባል፦ «ቱ» ሲባል «አንቱ» የሚለው ቃል ጭራ ይመስለናል፣ ስለዚህ አክብሮት ያለበት ይመስለናል። ተቃራኒው ነው። «ቱ» አንተ ነው፤ ይህን በልባችሁ ያዙት።

ሁለተኛው ወጥመድ እኔን የጣለኝ «ቦስ» ነው። አዲስ አበባ ላይ «ቦስ» ብለን የምንጠራው ልናከብረው ወይም ልናቆላምጠው የፈለግነውን ሰው ነው። የስፓኒሹ «ቦስ» ግን «አንተ» ነው፤ ከ«ቱ» ጋር እኩል፣ አንዳንድ ቦታ እንዲያውም ከ«ቱ» ይበልጥ የቀረበ። አርጀንቲናና ኡራጓይ ያለ እሱ አይነጋገሩም። በጓቲማላ፣ በኤል ሳልቫዶር፣ በሆንዱራስ፣ በኒካራጓና በኮስታ ሪካም ትሰሙታላችሁ፤ በኮሎምቢያ ደግሞ በሜዴይንና በካሊ ከተሞች። ስፔን ውስጥ ግን የዕለት ንግግር ላይ የለም።

ብዙ ሰው ስታናግሩ ነገሩ ይቀላል። በላቲን አሜሪካ ለሁሉም «ኡስቴዴስ» ነው፤ ልክ እንደ እኛ «እናንተ» አክብሮትና ቅርበት ሳይለይ ይሠራል። እኔም ይህን ጽሑፍ በ«እናንተ» የጻፍኩት በዚያው ብልሃት ነው፤ አንባቢዬ የ18 ዓመት ልጅ ይሁን የ70 ዓመት አዛውንት በምን አውቃለሁ? ስፔን ግን ለሚቀርቧቸው ሰዎች «ቦሶትሮስ» የሚል ሌላ «እናንተ» አላት። ላቲን አሜሪካ ውስጥ ብትናገሩት ይገባቸዋል፣ ግን በቅዳሴ ቋንቋ ያናገራችኋቸው ያህል ፈገግ ይላሉ።

2. ግሱን አብራችሁ ቀይሩ

ተውላጠ ስሙን አውቆ ግሱን መርሳት የጀማሪ ሁሉ ችግር ነው። «ኡስቴድ» የተወለደው «ብዌስትራ ሜርሴድ» ከሚል ጥንታዊ መጠሪያ ነው፤ «ጸጋዎ» ወይም «ቸርነትዎ» እንደ ማለት፣ እኛ «ክቡርነትዎ» እንደምንለው። ሰውየውን በቀጥታ ሳይሆን ስለ ጸጋው እያወሩ ስለሚጠሩት፣ ግሱ የ«እሱ» እና የ«እሷ» ግስ ሆኖ ቀረ። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። «እርስዎ መጡ» እና «እሳቸው መጡ» ስንል ግሱ ያው ነው አይደል? «እርስዎ» ራሱ «ርእስ» ከሚለው፣ ራስ ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ትልቅን ሰው ፊት ለፊት መጥራት ከብዷቸው በጎን ዞረው ነው የመጡት።

ስለዚህ «እንዴት ነህ?» «ኮሞ ኤስታስ?» ሲሆን «እንዴት ነዎት?» «ኮሞ ኤስታ?» ነው። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት «ስ» ናት። መጽሐፍ ላይ ግልጽ ነው፣ ኪችን ውስጥ ግን አይደለም፤ የኩባ፣ የዶሚኒካን፣ የኤል ሳልቫዶርና የደቡብ ስፔን ሰዎች የመጨረሻዋን «ስ» ብዙ ጊዜ ወደ ትንፋሽ ይለውጧታል። ጆሯችሁን በእሷ ላይ ብቻ አትጣሉ። «ቴ» ወይም «ቱ» ከሰማችሁ አንተ ነው፤ «ሌ»፣ «ሴ» ወይም «ሱ» ከሰማችሁ እርስዎ ነው። «ቱ ካሳ» ቤትህ፣ «ሱ ካሳ» ቤትዎ። «ሱ» «የእሱ» እና «የእሷ»ም ስለሚሆን፣ ግራ እንዳያጋባ ሰዉ ከኋላ «ዴ ኡስቴድ» ይጨምርበታል።

ትእዛዝ ላይ ደግሞ የምትቀየረው አንዲት አናባቢ ናት፦ «ፓሳ» ግባ፣ «ፓሴ» ይግቡ። «ቶማ» እንካ፣ «ቶሜ» እንኩ። «ሲዬንታቴ» ተቀመጥ፣ «ሲዬንቴሴ» ይቀመጡ። ከዚህ ተነስታችሁ «ኤ» ሁልጊዜ አክብሮት ነው እንዳትሉ፤ አንዳንድ ግሶች ይገለብጡታል። «ኮሜ» ብላ ነው፣ «ኮማ» ይብሉ። ይህን በቃል ከመሸምደድ ከሰው አፍ መልቀም ይሻላል። አንዱን ብቻ ዛሬውኑ ያዙ፦ ሰው ስታስቆሙ ወይም ይቅርታ ስትሉ ለማያውቁት «ዲስኩልፔ»፣ ለሚያውቁት «ዲስኩልፓ»።

3. በሰዓቱ ሰላም በሉ

ጠዋት «ብዌኖስ ዲያስ»፣ ከሰዓት «ብዌናስ ታርዴስ»፣ ከመሸ «ብዌናስ ኖቼስ»። የመጀመሪያው ብቻ «ብዌኖስ» እንደሆነ ልብ በሉ። አርጀንቲናዎች «ብዌን ዲያ» ብለው ያሳጥሩታል። በየትኛውም ሰዓት «ብዌናስ» ብቻ ማለትም ይቻላል፤ እንደ እኛ «ሰላም ነው» ቀለል ያለ ነው፣ ለሱቅና ለአሳንሰር ይበቃል፣ ለመሥሪያ ቤት አለቃ ግን ያንሳል።

ከሰዓት መቼ ይጀምራል? በላቲን አሜሪካ ባብዛኛው ቀትር ሲያልፍ። ስፔን ውስጥ ግን ከሰዓት የሚጀምረው ምሳ ከተበላ በኋላ ነው፣ ምሳውም በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ገደማ ነው። 7 ሰዓት ተኩል ላይ «ብዌኖስ ዲያስ» ብትባሉ ሰውየው ሰዓቱን አልሳተም፣ ገና አልበላም።

«ብዌናስ ኖቼስ» ሲገናኙም ሲለያዩም ይሠራል፤ «እንደምን አመሹ»ም «ደህና እደሩ»ም እሱው ነው።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት አለ። የእኛ «እንደምን አደሩ» ጥያቄ ነው፤ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። «ብዌኖስ ዲያስ» ግን ምኞት ነው፣ «መልካም ቀን» ማለት። የሚመለሰው ራሱ ቃሉ ነው። «ብዬን፣ ግራሲያስ» ብላችሁ ብትመልሱ ያልተጠየቃችሁትን መለሳችሁ።

ሰላምታው ለማን ነው ካላችሁ፣ ለቤቱ ሁሉ ነው። ስፔን ውስጥ የሐኪም መጠበቂያ ክፍል ስትገቡ ለማታውቋቸውም ሰዎች «ብዌኖስ ዲያስ» ትላላችሁ፣ ሁሉም ይመልሳሉ፣ ከዚያ ወደ ስልካቸው ይመለሳሉ። ትንሽ ሱቅ ስትገቡ፣ አሳንሰር ላይ ጎረቤት ሲገባም እንዲሁ። ዝም ብሎ መግባት ጨዋነት የጎደለው ነው። ብድግ ማለት ግን አያስፈልግም፤ «ኖር» «በእግዜር» የሚባባል የለም። እኔ ልማዱ አልለቀኝ ብሎ ትልቅ ሰው ሲገባ እስካሁን ከወንበሬ ከፍ ዝቅ እላለሁ፤ ወንበሬን የለቀቅኩ መስሏቸው የሚቀመጡበትም አሉ።

4. ደህንነት ጠይቁ፤ ካልወሰናችሁ ደግሞ አምልጡ

ከሰላምታው በኋላ «ኮሞ ኤስታ ኡስቴድ?» ወይም «ኮሞ ኤስታስ?» ይከተላል። መልሱ «ብዬን፣ ግራሲያስ፣ ኢ ኡስቴድ?» ነው፤ ለቅርብ ሰው «ኢ ቱ?»። መልሶ አለመጠየቅ ነውር ነው። በላቲን አሜሪካ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች «ብዬን፣ ግራሲያስ አ ዲዮስ» ይላሉ፤ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። ይህንን የምትል አፍ ከየትም ብትመጣ ቤተኛ ናት።

ሰውየውን አንተ ልበለው አንቱ ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ ማምለጫ አለ። አማርኛ ላይ የምንጠቀምበትን ዘዴ አስታውሱ፤ አንተም እርስዎም ማለት ሲያስፈራ «ሰላም ነው? እንዴት ነው ነገሩ?» እንላለን፣ ሰውየው ከዓረፍተ ነገሩ ይጠፋል። በስፓኒሽም «ኬ ታል?» እና «ቶዶ ብዬን?» («ሁሉ ሰላም?») እንደዚያው ማንንም አይነኩም። እነሱን ብላችሁ ሰውየው ምን ብሎ እንደሚመልስላችሁ አዳምጡ። «ኢ ቱ?» ካለ መንገዱ ተከፈተ፣ «ኢ ኡስቴድ?» ካለ ባላችሁበት እርጉ።

የጓደኛ ሰላምታ ከአገር አገር ልብስ ይቀይራል፦ ሜክሲኮ «ኬ ኦንዳ?»፣ ኮሎምቢያ «ኬ ማስ?»፣ አርጀንቲና «ኮሞ አንዳስ?»፣ ኮስታ ሪካ ሰላምታውም ምስጋናውም ስንብቱም «ፑራ ቢዳ»። እነዚህን ለመሥሪያ ቤት ሰው አታውጡ። «ኦላ» ግን ገር ነው፤ ከማንም ጋር ይሄዳል፣ በተለይ ከኋላው «ብዌኖስ ዲያስ» ሲከተለው።

እኛ እንደለመድነው «ደህና ነህ? ቤተሰብ እንዴት ነው? ልጆች? ሥራ?» እያሉ መደርደርስ? ማድሪድ ላይ ያስቸኩላቸዋል። ከመካከለኛው አሜሪካ ገጠር ለመጣ ሰው ግን «ኢ ላ ፋሚሊያ?» ብላችሁ ቤተሰቡን ብትጠይቁ ፊቱ ሲፈታ ታያላችሁ።

5. ማን አንቱ፣ ማን አንተ? አገሩን እዩ

ይህን ነው በደንብ ማወቅ ያለባችሁ። አጭሩን ሕግ ከፈለጋችሁ፦ ላቲን አሜሪካ ውስጥ ለማታውቁት አዋቂ በ«ኡስቴድ» ጀምሩ፤ ስፔን ውስጥ አዛውንት ካልሆነ ወይም ፍርድ ቤት፣ ፖሊስና የመሳሰለው ካልሆነ በ«ቱ» ብትጀምሩ ማንም አይከፋም። ረጅሙ እንዲህ ነው።

ስፔን «አንተ» በዝቶባታል። ባንክ ቤት፣ ሱቅ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ወጣት ሐኪም ዘንድ «ቱ» ይባላል። መጀመሪያ ማድሪድ የሄድኩ ጊዜ፣ ኤል ሳልቫዶሮች ያሠለጠኑኝ ልጅ ሆኜ፣ ቡና ቤት የሚቀዳውን የ50 ዓመት ሰው በ«ኡስቴድ» አናገርኩት። «ኖ ሜ ትራቴስ ዴ ኡስቴድ፣ ኬ ሜ አሴስ ማዮር» አለኝ፣ አንቱ አትበለኝ ታስረጀኛለህ ነው። የእኛ ሴቶች «እትዬ» ሲባሉ የሚሉት ነገር ቃል በቃል።

የስፔን የያኔው ንጉሥ ራሳቸው «ቱ» ብለው ዓለም የሰማበት ቀን አለ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 10 ቀን 2007 ሳንቲያጎ፣ ቺሌ፣ በኢቤሮ አሜሪካ አገሮች የመሪዎች ጉባኤ ላይ የቬኔዝዌላው ፕሬዝዳንት ሁጎ ቻቬዝ የስፔኑን ጠቅላይ ሚኒስትር ንግግር ደጋግመው ሲያቋርጡ ንጉሥ ኹዋን ካርሎስ «ፖር ኬ ኖ ቴ ካያስ?» አሏቸው። «ለምን ዝም አትልም?» ነው። «ቴ» የምትለዋን ትንሽ ቃል እዩ፤ «ለምን ዝም አይሉም?» አይደለም። ቁጣው ያለው «ዝም በል» በማለታቸው ብቻ አይደለም፣ በ«ቴ»ዋም ውስጥ ነው። ያው ቃል ለጓደኛ ቢባል ቀልድ በሆነ ነበር።

ሜክሲኮ መሐል ላይ ናት። ለእኩያ «ቱ»፣ ለትልቅ ሰው፣ ለአማት፣ ለአለቃና ለማያውቁት «ኡስቴድ»። ኩባና ሌሎቹ የካሪቢያን ደሴቶች ግን ቶሎ ይቀርባሉ፣ በ5 ደቂቃ «ቱ» ውስጥ ናችሁ።

ኮሎምቢያና ኮስታ ሪካ ላይ የተማራችሁት ይፈርሳል። ቦጎታ ውስጥ ጓደኛ ከጓደኛ፣ ወንድም ከወንድም «ኡስቴድ» ሊባባል ይችላል፤ ኮስታ ሪካ ውስጥ እናት ሕፃን ልጇን፣ አልፎ ተርፎም ውሻዋን «ኡስቴድ» ስትል ትሰማላችሁ። ርቀት አይደለም፣ ፍቅር ነው። ሚስት ባሏን «አንቱ» ስትል እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ብዙም አይገርምም። የኮሎምቢያዋ ቦያካ ደግሞ «ሱሜርሴ» የምትል ቆንጆ ቃል ጠብቃ አቆይታለች፤ ያ የጥንቱ «ጸጋዎ» ነው፣ ሽንኩርት ስትገዙ ባለ ጉልቷ ትላችኋለች።

ኤል ሳልቫዶር፦ ለጓደኛ «ቦስ»፣ ለትልቅና ለማያውቁት «ኡስቴድ»። «ቱ» መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ያለ ነው፣ ከውጭ የመጣ ይመስላል። በአርጀንቲና ማስታወቂያው ሳይቀር «ቦስ» ይላል፣ የግሱም ጫና መጨረሻው ላይ ያርፋል፦ «ቦስ ቴኔስ» አለህ፣ «ቦስ ሶስ» ነህ።

6. ስምና ማዕረግ

«ሴኞር» እና «ሴኞራ» ከቤተሰብ ስም ጋር ይሄዳሉ፤ «ዶን» እና «ዶኛ» ከራስ ስም ጋር። ስለዚህ የእኛ «አቶ ከበደ» ቅርብ ዘመዱ «ዶን ፔድሮ» ነው፣ «ሴኞር» አይደለም። ሞቅ ያለ አክብሮት ስላለበት «ጋሼ» እና «እትዬ»ን ለመተካትም ከ«ዶን» እና ከ«ዶኛ» የተሻለ የለም። በኤል ሳልቫዶር ትልልቅ ሴቶችን ከስማቸው በፊት «ኒኛ» ብለው ይጠሯቸዋል፤ ቃሉ «ሕፃን ልጅ» ማለት ቢሆንም «ኒኛ ማሪያ» የሚባሉት የ70 ዓመት እናት ናቸው። ሌላ አገር ሄዳችሁ አትሞክሩት።

ዘመድ መጠሪያዎቻችንን ግን ቃል በቃል አትተርጉሙ። «ቲዮ» አጎት ነው ብላችሁ ስፔን ውስጥ ሽማግሌ ብትጠሩ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጀለስ» ያላችሁት ያህል ነው፤ ወጣቶቹ እርስ በርስ የሚባባሉት ነው። «አባባ» ለማለት «አብዌሎ» ብትሉ ደግሞ ሰውየው ሽማግሌ ተባልኩ ብሎ ሊቀየም ይችላል። «ሴኞሪታ» ወይዘሪት ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ ለሱቅ ሠራተኛ ይባላል፣ ስፔን ውስጥ ግን አንዳንድ ሴቶች ዝቅ የተደረጉ ይመስላቸዋል፣ «ሴኞራ» ይበልጣል። ሜክሲኮ ላይ አስተናጋጁን «ኾቤን» (ወጣት) ብላችሁ ጥሩት፣ ፀጉሩ የሸበተም ቢሆን።

በተቃራኒው ዘመድ ነክ ቃላት ወደ ታች ሲወርዱ እኛን ቁርጥ ናቸው። እኛ ትንሽ ልጅ «አባቴ»፣ «እማዬ» እያልን እንደምናባብል፣ እነሱም ሕፃኑን «ፓፒ»፣ «ማሚ» ይሉታል። «ሚኾ» እና «ሚኻ» ልጄ ማለት ናቸው፣ ለማንኛውም ታናሽ።

ሜክሲኮ የተማረ ሰው «ሊሴንሲያዶ»፣ «ኢንኼኒዬሮ» መባል ይወዳል፤ «ኢንጂነር» ካልተባለ የማይዞር ሰው ለምናውቀው ለእኛ ማብራሪያ አያሻም። ኩባ ውስጥ «ኮምፓኜሮ» ትሰማላችሁ፣ የእኛው «ጓድ» ነው። ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ ደሴት የተማሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ሁለቱንም ቃል በእኩል ያውቁታል።

ስለ ስም አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ስፓኒሽ ተናጋሪ ባብዛኛው ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የአባት ከዚያ የእናት። ፊደል ካስትሮ ሩስ፦ ካስትሮ ከአባታቸው፣ ሩስ ከእናታቸው ነው፤ ስለዚህ «ሴኞር ካስትሮ» እንጂ «ሴኞር ሩስ» አይባልም። እናንተ ቅጽ ስትሞሉ የአባታችሁ ስም በመጀመሪያው፣ የአያታችሁ በሁለተኛው «አፔዪዶ» (የቤተሰብ ስም) ላይ ይገባል። መጠበቂያ ክፍል ውስጥ «ሴኞራ ከበደ» ተብሎ ሲጠራ «አባቴን ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፣ እናንተን ነው። በነገራችን ላይ በስፔን ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም፤ እንደ እኛው።

7. ከአንቱ ወደ አንተ መሻገር

ለዚህ የራሱ ግስ አለ፦ «ቱቴያር»፣ አንተ ማለት። «ኖስ ቱቴያሞስ?» «አንተ እንባባል?» ነው። ወይም «አብላሜ ዴ ቱ» ይላሉ፣ «አንተ በለኝ»። ጥያቄውን ማቅረብ ያለበት በዕድሜ ወይም በሥልጣን የሚበልጠው ነው፤ ታናሹ አይቸኩልም። ከተፈቀደላችሁ በኋላ በ«ኡስቴድ» ብትቀጥሉ ደግሞ ያኮረፋችሁ ይመስላል። ስፔን ውስጥ ይህ ሁሉ ሥነ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሰውየው በራሱ «ቱ» ይጀምራል፣ እናንተም ትከተላላችሁ።

8. ጉንጭና እጅ

ስፔን መሳሳሙ 2 ጊዜ ነው፦ «ዶስ ቤሶስ»። ሴት ከሴት፣ ሴት ከወንድ፤ ወንድ ከወንድ ግን ይጨባበጣል ወይም ጀርባ ይደባደባል። በአብዛኛው ላቲን አሜሪካ 1 ብቻ። አርጀንቲና ውስጥ ወንድ ጓደኛሞችም አንድ ይሳሳማሉ። መሳሙ በከንፈር አይደለም፣ ጉንጭ ለጉንጭ ነክቶ በአየር ላይ ድምፅ ማውጣት ነው። የእኛ ሦስትና አራት እዚያ የለም፤ ሦስተኛውን ስታመጡ ጉንጩ ሄዷል። ትከሻ መግጨትም አያውቁም። ቀኝ ክንድን በግራ ይዞ ዝቅ ማለትን ግን አትተዉት እላለሁ፤ ባይጠብቁትም ትርጉሙ ይገባቸዋል።

9. ትንንሾቹ ቃላት

ሜክሲኮ ውስጥ ስማችሁ ሲጠራ ወይም ሳትሰሙ ስትቀሩ «ኬ?» (ምን?) አትበሉ። «ማንዴ?» በሉ፤ «ይዘዙኝ» ማለት ነው። እናቶቻችን «ምን አትበል፣ አቤት በል» ይሉን የነበረው፣ የሜክሲኮ እናቶችም ልጆቻቸውን በዚያው ነው ያሳደጉት። ሌላ አገር «ኮሞ?» ይበቃል።

በሰዎች መሐል ስታልፉ «ኮን ፔርሚሶ»። ምግብ ላይ ያለ ሰው ካለፋችሁ «ብዌን ፕሮቤቾ»፣ ስፔን ውስጥ «ኬ አፕሮቤቼ»። የቆዩ ስፔናውያን እየበሉ ሰው ሲመጣባቸው «ጉስታ?» ይላሉ፤ ይህ የእኛው «እንብላ» ነው፣ የእኛን ያህልም ግን በእጅ አይጎትትም። «ግራሲያስ፣ ኬ አፕሮቤቼ» ብላችሁ እለፉ።

በቬኔዝዌላ፣ በፖርቶ ሪኮና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ልጅ ለወላጁ የሚያቀርበው ሰላምታ «ቤንዲሲዮን» ነው፤ ምርቃት መጠየቅ። መልሱ «ዲዮስ ቴ ቤንዲጋ»፣ እግዚአብሔር ይባርክህ። ቄስ አይተን «ይፍቱኝ» የምንለውን አስቡ፣ ቦታው ግን ቤት ውስጥ ነው።

10. ስልክና ደብዳቤ

ስልክ ሲነሳ ስፔን «ዲጋ?»፣ ሜክሲኮ «ብዌኖ?»፣ ኮሎምቢያ «አሎ?» ይላል። «ማን ልበል?» የምንለው «ዴ ፓርቴ ዴ ኪዬን?» ነው። ደብዳቤና ኢሜይል ለማታውቁት «ኤስቲማዶ ሴኞር»፣ ለሴት «ኤስቲማዳ ሴኞራ» ብሎ ይጀምርና ነጠላ ሰረዝ ሳይሆን ሁለት ነጥብ ይደረግበታል። መዝጊያው «ኡን ኮርዲያል ሳሉዶ» ወይም «አቴንታሜንቴ»፤ ለጓደኛ «ኡን አብራሶ»፣ እቅፍ አድርጌሃለሁ።

11. ስንብት

«አዲዮስ» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፣ የዕለት ስንብት ግን «አስታ ልዌጎ» ነው፤ ስፔን ውስጥ ዳግመኛ ለማያዩትም ሰው ይሉታል። «ቻው» ያለምንም ለውጥ ይሠራል፤ እኛም እነሱም ከጣሊያን ነው የወሰድነው። ለሚያከብሩት ሰው «ኬ ሌ ባያ ብዬን»፣ ለጓደኛ «ኬ ቴ ባያ ብዬን»፤ «ይቅናዎት» እና «ይቅናህ»።

ፈረቃችን ሲያልቅ ያቺን አብሳይ፣ ሽርጣቸውን እየፈቱ፣ «አስታ ማኛና» እላቸዋለሁ፤ እስከ ነገ። «ሲ ዲዮስ ኪዬሬ» ይሉኛል፣ እግዚአብሔር ካለ። በሦስተኛው ወር አካባቢ ቀደም ብዬ «አስታ ማኛና፣ ሲ ዲዮስ ኪዬሬ» አልኳቸው። ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና «ኬ ሌ ባያ ብዬን፣ ሚኾ» አሉኝ፤ አሁንም በ«ሌ»።